ገንዘቡ የማን ነው ብለው ይጠይቁልን

ይድረስ ለተከበሩ አንባቢ፣

ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ሆነን በየወሩ አንድ ምሽት፣ እዚሁ አዲስ አበባ ውስጥ፣ ተከታታይ የውይይት መድረክ ልንከፍት ነው። የምንጋብዛቸው ሁለት ዓይነት ሰዎች ናቸው፤ በኢንተርኔት የሚሠራጭ የዜና፣ የቪዲዮ ወይም የድምፅ ሚዲያ ያቋቋሙ ሰዎችና ለእንዲህ ያለው ሥራ ገንዘባቸውን ያዋሉ ባለሀብቶች። ዕቅዱን የሰሙ ወዳጆቼ "ሥራ መፍጠር ለሚፈልጉ ወጣቶች ጥሩ ነው" አሉኝ። ልክ ናቸው። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ግን ለእርስዎ ነው፤ ሚዲያ የማቋቋም ሐሳብ ለሌለዎት፣ በአክሲዮን የሚያውሉት ትርፍ ገንዘብም ለሌለዎት፣ ጠዋት ታክሲ ውስጥ ስልክዎን ከፍተው ዜና ለሚያነቡ፣ ማታ እራት እያቀረቡ ዩቲዩብ ለሚያዳምጡ። ፊተኛው ረድፍ ላይ እንዲቀመጡልኝ የምፈልገው እርስዎን ነው።

ምክንያቴን ላስረዳ። ነገ ጠዋት ስልክዎ ላይ የትኛው ዜና እንደሚመጣ፣ የትኛው ጉዳይ ሳይነሳ እንደሚቀር፣ የትኛው ርዕስ በቀይ ፊደል እንደሚጻፍ የሚወስነው አዘጋጁ ብቻ አይደለም። ብዙ ጊዜ ከዓመታት በፊት ገንዘብ ሰጪና ገንዘብ ተቀባይ ተቀምጠው በፈረሙት ወረቀት ላይ ተወስኖ ያደረ ነገር አለ። ያን ወረቀት እርስዎ አይተውት አያውቁም። በሥራው ላይ ያለን ጋዜጠኞችም አብዛኞቻችን አላየነውም።

እንዲህ ያለ መድረክ ለከተማችን አዲስ አይደለም። አይስአዲስ የተባለው የሥራ ፈጣሪዎች ማዕከል በ2011 ከተከፈተ ወዲህ (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የሥራ ፈጣሪዎች ምሽት የአዲስ አበባ ወጣት የለመደው ነገር ሆኗል። ብዙዎቹን ታድሜያለሁ፤ ጥቂቶቹንም አወያይቻለሁ። ተናጋሪው መድረክ ላይ ወጥቶ እንዴት በአንድ ላፕቶፕ እንደጀመረ፣ ቤተሰቡ ሥራ ፈት ብሎት እንደነበረ፣ እንዴት እንደጸና ይተርካል። ከጀርባው ያለው ስክሪን ላይ ከግራ ወደ ቀኝ ሽቅብ የሚወጣ መስመር ይታያል፤ የተከታዮቹ ቁጥር ነው። ባለሀብቱም ተራው ሲደርስ ገንዘብ የሚያወጣው ጠንካራ ቡድን ሲያይ እንደሆነ ይናገራል። ለጥያቄ የሚተርፈው አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው።

በዚያ አዳራሽ ገንዘብ መገኘቱ ይነገራል፤ በምን ውል እንደተገኘ አይነገርም። የተመልካቹ ቁጥር ይነገራል፤ የዘጋቢዎቹ ደሞዝ ከየት እንደሚከፈል አይነገርም። እጅግ የሚቆጨኝ ይህ ነው። መድረኩ ላይ የተቀመጡት ሰዎች የሚያውቁት ነገር ለአገር የሚጠቅም ሆኖ ሳለ፣ ጠያቂ ስላጣ ብቻ ይዘውት ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ።

ሚዲያ ላይ የሚፈስ ገንዘብ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ቬንቸር ካፒታል የሚባለውን ይውሰዱ። ፈንዱ የያዘው የራሱን ገንዘብ አይደለም፤ የጡረታ ድርጅቶች፣ የዩኒቨርሲቲዎችና የባለጸጎች አደራ ነው። ዕድሜው አብዛኛውን ጊዜ አሥር ዓመት ገደማ ነው፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ የገዛውን ድርሻ ሸጦ ገንዘቡን ከነትርፉ ለባለቤቶቹ መመለስ አለበት። ከገባባቸው ድርጅቶች ብዙዎቹ እንደሚከስሩ አስቀድሞ ያውቃል፤ ስለዚህ ከቀሩት አንዱ ወይም ሁለቱ የሌሎቹን ኪሳራ ጭምር እስኪሸፍኑ ብዙ እጥፍ ማደግ ይኖርባቸዋል። በየዓመቱ ጥቂት እያተረፈ፣ ሠራተኛውን እያኖረ፣ ሳይጮኽ የሚሠራ ድርጅት ለዚህ ፈንድ ከከሰረው ብዙም አይለይም። የዜና ሥራ ደግሞ እንዲህ ያለ ነው። የአንድ ክፍለ ከተማ የመሬት ጉዳይ ለማጣራት ሦስት ወር ዶሴ ሲያገላብጥ የሚከርም ዘጋቢ ሥራው ቢሰምርለትም ገቢው አሥር እጥፍ አይሆንም።

ባዝፊድ የደረሰበትን ይመልከቱ። ጆና ፔሬቲ በ2006 ኒውዮርክ ላይ የጀመረው ይህ ድርጅት በ2014 አንድሪሰን ሆሮዊትዝ ከተባለው የሲሊከን ቫሊ ፈንድ 50 ሚሊዮን ዶላር፣ በማግስቱ ዓመት ከኤንቢሲ ዩኒቨርሳል 200 ሚሊዮን ዶላር አገኘ። ዋጋው 1.5 ቢሊዮን ዶላር ነው ተባለ። የዜና ክፍሉም ሰፋ፤ በየአገሩ ዘጋቢ ላከ፤ ቻይና ሺንጂያንግ ውስጥ ስለገነባቻቸው የማጎሪያ ካምፖች ባደረገው ምርመራ በ2021 የፑሊትዘር ሽልማት ተሸለመ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ድርጅቱ አክሲዮኑን ለገበያ ሲያቀርብ ዋጋው በቀናት ውስጥ አሽቆለቆለ። በ2022 ትልልቅ ባለድርሻዎች በዓመት 10 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ያከስር የነበረው የዜና ክፍል እንዲዘጋ መጎትጎታቸው ተዘገበ፤ በ2023 ተዘጋ። ባለድርሻዎቹን ክፉ ሰዎች አድርጌ ልስላቸው አልፈልግም። ገንዘቡን ሲሰጡ የጠየቁትን ነው በመጨረሻም የጠየቁት። ማወቅ የነበረበት ሳያውቅ የቀረው አንባቢው ነበር፤ የሚወደው የዜና ክፍል የቆመው ጊዜው በተወሰነ ገንዘብ መሆኑን የነገረው ሰው አልነበረም።

ከዚህ ይልቅ በዝርዝር ላጫውትዎ የምፈልገው የፊሊፒንሱን ራፕለር ነው። ለእኛ አገር ሰው የቀረበ ትምህርት ያለው እዚያ ይመስለኛል።

ለረጅም ዓመታት የሲኤንኤን ዘጋቢ የነበረችው ማሪያ ሬሳ ከባልደረቦቿ ጋር ሆና በ2012 ማኒላ ላይ ራፕለርን ጀመረች። የፊሊፒንስ ሕገ መንግሥት መገናኛ ብዙኃን ሙሉ በሙሉ በዜጎች እጅ እንዲሆኑ ያዝዛል፤ የውጭ ሰው አንድ አክሲዮን እንኳ መያዝ አይችልም። ገንዘብ ግን ያስፈልጋል። በ2015 የኢቤይ መሥራች ፒየር ኦሚድያር ያቋቋመው ኦሚድያር ኔትወርክ በራፕለር ላይ ገንዘብ አዋለ፤ የተጠቀሙበትም የአገሩ ኩባንያዎች የሚያውቁት የሰነድ ዓይነት ነው። ሰነዱን የያዘ ሰው ከድርጅቱ ትርፍ ሲገኝ ይጠቀማል፤ ባለቤት ግን አይሆንም፤ ድምፅም የለውም። ሁሉም በጠበቃ የታየ፣ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤትም የቀረበ ነበር።

ሰነዱ ውስጥ ግን አንድ አንቀጽ ነበረ። የሰነዱን ያዦች መብት የሚነካ ለውጥ በድርጅቱ መተዳደሪያ ላይ ከመደረጉ በፊት ያዦቹ እንዲመከሩና የሁለት ሦስተኛቸው ፈቃድ እንዲገኝ የሚል ነው። ገንዘብ የሚያበድር ሁሉ ራሱን ለመጠበቅ የሚያስገባው የተለመደ ዓረፍተ ነገር ይመስላል። ራፕለር የፕሬዚዳንት ዱቴርቴን የአደንዛዥ ዕፅ ዘመቻ እየተከታተለ ግድያዎቹን ሲያጋልጥ፣ በጥር 2018 የአገሪቱ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ያንን አንቀጽ መዝዞ "ይህ ለውጭ ሰው የተሰጠ ሥልጣን ነው" በማለት የራፕለርን የምዝገባ ፈቃድ ሰረዘ። በሚቀጥለው ወር ኦሚድያር ሰነዶቹን በሙሉ ለ14 የራፕለር ፊሊፒናውያን ኃላፊዎች በስጦታ አስረከበ። ጉዳዩ ግን በዚያ አላበቃም። ማሪያ ሬሳ በ2021 የኖቤል የሰላም ሽልማት ስትቀበል እንኳ ድርጅቷ ይዘጋ አይዘጋ ገና አልታወቀም ነበር። የይግባኝ ፍርድ ቤት ስረዛውን የሻረው በ2024 ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብለው ያስቡልኝ። ገንዘቡ የመጣው ከቀና ባለሀብት ነው። በዜናው ጣልቃ ገባ የሚል ክስ ከጋዜጠኞቹ አልተሰማም። ያም ሆኖ በአንድ አንቀጽ ምክንያት መቶ የሚደርሱ ሰዎች የሚሠሩበት ድርጅት ስድስት ዓመት ከመንፈቅ በላይ ነገ ይዘጋ ይሆናል እያለ ኖረ። የእኛም የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ፣ በ2021 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1238፣ በሚዲያ ድርጅት ውስጥ የውጭ ዜጋ የሚይዘውን ድርሻ ይገድባል። ዋሽንግተን ወይም ስቶክሆልም ሆኖ ዜግነቱን የለወጠ ወገናችን ለአንድ የአማርኛ ድረ ገጽ ገንዘብ ሊያዋጣ ሲነሳ በብድር ይሁን፣ በድርሻ ይሁን፣ በስጦታ ይሁን የሚወሰነው ቡና ላይ በሚደረግ ወዳጃዊ ጨዋታ ከሆነ አደጋው የሁለቱ ብቻ አይሆንም። አንድ ቀን ጠንከር ያለ ዘገባ ይወጣል፤ በዚያን ጊዜ ወረቀቱን የሚያነበው ወዳጅ አይደለም።

ወደ ቤታችን እንግባ። በ2011 ወርኃዊ የእንግሊዝኛ መጽሔት ሆኖ የተጀመረው አዲስ ስታንዳርድ በ2016 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁን ተከትሎ ኅትመቱን ሲያቆም ሥራውን የቀጠለው በኢንተርኔት ነው። ከዚያ በፊትም በኋላም በወረቀትና በማተሚያ ዋጋ መናር እጅ የሰጡ ጋዜጦችን ስም እርስዎም ያስታውሳሉ። ዲጂታሉ ማተሚያ ቤቱን አስቀረልን፤ አዟሪውንም አስቀረ። ደሞዝ ግን አላስቀረም። ካሜራ፣ መጓጓዣ፣ ጠበቃ፣ ሰርቨር አላስቀረም። ከእነዚህ ደግሞ በዶላር የሚከፈሉት አሉ፤ በሐምሌ 2024 የብር ዋጋ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት 100 ብርን አልፏል። በብር ማስታወቂያ የሚሸጥ ድረ ገጽ በአንድ ክረምት የዶላር ወጪው ወደ እጥፍ ሲጠጋበት ገቢው ባለበት ቆመ ማለት ነው።

በእንዲህ ያለ ጫና ብዙው የሚዲያ ሰው ወደ ዩቲዩብ ሄደ። ስለዚህ ጉዳይ ረዘም አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ፤ በየቀኑ የሚያዩት እርስዎ ነዎትና።

አንድ የማውቀው ወጣት የቻናል ባለቤት ስልኩን ከፍቶ የተመልካቾቹን ዝርዝር አሳይቶኛል። በተመልካች ብዛት ኢትዮጵያ ከሁሉም በላይ ናት። ጣቱን ወደ ገቢው ዝርዝር ሲያሻግር ግን አገራችን ወደ ታች ወረደች፤ አሜሪካ ላይ ወጣች፤ ሌሎች የዲያስፖራ አገሮችም ተከተሉ። አስተዋዋቂ የሚከፍለው ለተመልካቹ ኪስ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ መኪና የሚያሽከረክር ወገን የሚያየው ማስታወቂያ የኢንሹራንስና የመኪና ኩባንያ ማስታወቂያ ነው፤ ዋጋውም ውድ ነው። ደሴ ያለችው ተማሪ ያንኑ ቪዲዮ እስከ መጨረሻው ብታየው፣ በሰው በሰው ሲሰላ፣ ለቻናሉ የምታስገባው ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። ወጣቱ ቪዲዮውን የሚለቀው አሜሪካ ነግቶ ሰው ስልኩን በሚያነሳበት ሰዓት እንደሆነ ነገረኝ። ርዕሱንም የሚመርጠው እዚያ ያለው ሰው ምን እንደሚያሳስበው አስቦ ነው። የደሴ የውኃ ችግር ወይም የኮምቦልቻ ሠራተኞች ደሞዝ ቢሠራ አያዋጣውም። ከአገር የራቀ ሰው የሚያስጨንቀው የአገር ህልውና፣ የጦርነት ወሬ፣ የባለሥልጣን ሽኩቻ ነው፤ መጨነቁም አይፈረድበትም። ግን የእርሱ ጭንቀት የገበያ ዋጋ ስላለው የእርስዎ ጉዳይ ከዜናው ወጣ።

ወጣቱ ውሸታም አይደለም። የሠራተኞቹን ደሞዝ በወሩ መጨረሻ መክፈል ያለበት ሰው ነው። ገንዘቡም በቀጥታ አይደርሰውም፤ ውጭ አገር ባለ ዘመድ ስም በተከፈተ አካውንት ገብቶ ነው የሚላክለት። እንዲህ የሚሠሩ ሌሎችም አውቃለሁ። ዘመድና የቻናሉ ባለቤት የተቀያየሙ ቀን የቻናሉ ዕጣ ምን ይሆናል? ለባለሀብት ድርሻ ልሽጥ ቢልስ በምን ሰነድ ይሸጣል? ይህ ሁሉ ተራ የሥራ ጥያቄ ነው፤ በየመድረኩ ስለ ስኬት ስናወራ ማንም አንስቶት አያውቅም። የቴሌግራም ቻናሎቹም ከዚህ አይርቁም። ማስታወቂያው ለስንት ሰዓት ሌላ ነገር ሳይሸፍነው ከላይ እንደሚቆይ ተቆጥሮ ይሸጣል፤ ዜና ሊለጠፍ ሲገባው ማስታወቂያው እንዳይሸፈን ሲባል የሚዘገይበት ጊዜ አለ።

"ታዲያ አንባቢው ራሱ ይክፈል" የሚሉ አሉ። እኔም ልቤ ወደዚህ ያደላል፤ ግን መልካም መልካሙን ብቻ ነግሬ ላታልልዎ አልፈልግም።

ስቲቨን ጋንና ፕሬሜሽ ቻንድራን በ1999 ኩዋላ ላምፑር ላይ የጀመሩት ማሌዢያኪኒ ከ2002 ጀምሮ አንባቢውን ማስከፈል ሲጀምር ያበደ ውሳኔ የመሰላቸው ብዙዎች ነበሩ። ኤምዲአይኤፍ የተባለው፣ ለነጻ ሚዲያ ብድርና ድርሻ የሚሰጥ ድርጅት ድርሻ ገዛ፤ አመራሩ ግን በመሥራቾቹ እጅ ቆየ። ይህ ኤምዲአይኤፍ በ1995 ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዱ በቤልግሬዱ ነጻ ራዲዮ ቢ92 የሠራው ሳሻ ቩቺኒች ነበር፤ ጋዜጠኛው ራሱ አበዳሪ ሆነ ማለት ነው። ቶሎ አምጣ የማይል፣ ሥራውን የሚያውቅ ገንዘብ ነበር። በየካቲት 2021 የማሌዢያ ፌዴራል ፍርድ ቤት ማሌዢያኪኒን ፍርድ ቤት በመድፈር 500,000 ሪንጊት ሲቀጣው፣ አንባቢዎቹ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ አዋጥተው ሞሉት። ያን ገንዘብ ያመጣው የዚያ ቀን ቁጣ ብቻ አይመስለኝም፤ ለሃያ ዓመት ያህል በየወሩ ሲከፍል የኖረ ሰው ድርጅቱ የእኔ ነው ማለት ለምዷል።

ፈረንሳይም ሜዲያፓርት አለ። ኤድዊ ፕሌኔልና ባልደረቦቹ በ2008 ያለ ማስታወቂያ፣ በአንባቢ ክፍያ ብቻ ጀምረው ትርፋማ ሆኑ፤ በ2019 ድርሻቸውን ማንም ሊገዛው ወደማይችል ፈንድ አዛወሩት። ደቡብ አፍሪካ የሚገኘው ዴይሊ ማቬሪክ ደግሞ ከ2018 ጀምሮ ዘገባውን ለሁሉም ክፍት አድርጎ፣ የቻለ አባል ሆኖ የፈቀደውን እንዲከፍል ጠየቀ። ለእኛ የሚስማማው ይህኛው ነው እላለሁ። እድር የሚከፍል ሰው በዚህ ወር እኔ ቤት ሐዘን ስለሌለ አልከፍልም አይልም፤ ድንኳኑና ወንበሩ ለሰፈሩ ሁሉ እንዲኖር ነው የሚከፍለው። የአንባቢ ክፍያም በዚህ መንፈስ ቢታይ ያልከፈለው ጎረቤት ዜናውን ማንበቡ ከፋዩን አያስቆጣውም። ከ2021 ጀምሮ ቴሌብር አለ፤ ትንሽ ገንዘብ በወር አንዴ ለመላክ ባንክ መሰለፍ ቀርቷል። ከዚያ በፊት ይህ በር ለብዙው ሰው ዝግ ነበር።

ይሁንና የአንባቢ ገንዘብም የራሱ ፈተና አለው። ዘ ኮረስፖንደንት የተባለው የእንግሊዝኛ ሚዲያ በ2018 ከብዙ አገር ሰዎች ከ2.5 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰብስቦ ቢነሳም በወረርሽኙ ዓመት አባላቱ እየቀነሱበት በ2020 መጨረሻ ተዘጋ። እኛም የራሳችን ትምህርት አለን። ኢሳት የተባለው የዲያስፖራ ቴሌቪዥን በ2010 ሲጀመር በየከተማው በተደረገ የእራት ግብዣ፣ በጨረታና በወር መዋጮ የቆመ ነበር፤ ዲያስፖራው ለሚዲያ ከኪሱ እንደሚያወጣ ያን ጊዜ አይተናል። ከ2018ቱ ለውጥ በኋላ ደግሞ አዋጪውም ጋዜጠኛውም አመለካከቱ ሲለያይ የተወሰኑት ተለይተው ሌላ መድረክ አቋቋሙ። መዋጮ የሚሰጥ ሰው መስማት የሚፈልገው ነገር አለው። ያልወደደውን ዘገባ ያየ ቀን ገንዘቡን የሚያቆም ከሆነ ከባለሀብቱ በምን ይለያል? ይህን ከእርስዎ ጋር በግልጽ ልንነጋገርበት እፈልጋለሁ። ከሚደግፉት ወገን ጋር የሚጋጭ፣ ግን እውነት የሆነ ዘገባ ላወጣ ሚዲያ መክፈልዎን ይቀጥላሉ? መልሱ "አዎ" እስኪሆን ድረስ የአንባቢ ገንዘብ ነጻ ያወጣናል ማለት አልደፍርም።

ስለ አገር ውስጥ ባለሀብቶቻችንም አንድ ነገር ልበል። ባንክ ሄዶ ብድር የጠየቀ የሚዲያ ሰው የሚጠየቀው የቤት ካርታ ነው። የዜና ክፍል ያለው ንብረት ጥቂት ላፕቶፕ፣ ማይክሮፎንና ስም ነው፤ ስም ደግሞ በማስያዣነት አይመዘገብም። ሕንፃ የሚያቆም፣ አስመጪና ላኪ የሆነ ነጋዴ ወደ ሚዲያ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ በስፖንሰርነት ነው፤ ስፖንሰርነቱም በሰውዬው ወዳጅነት ላይ ያረፈ ስለሆነ ነጋዴው ሲቀየም ወይም ሲፈራ በአንድ ስልክ ይቋረጣል። እነዚህ ነጋዴዎች ከመድረካችን እንዳይቀሩብን አጥብቄ እሻለሁ። ለምን እንደሚፈሩ ሲናገሩ መስማት አለብን። ግብር፣ የመንግሥት ፊት፣ የደንበኛ ቅያሜ፣ ኪሳራ፤ የትኛው ነው የሚከብዳቸው? እኛ ባለሙያዎቹ "ሀብታሙ ሚዲያ አይወድም" እያልን ከማማረር አልፈን ፊት ለፊት ጠይቀናቸው አናውቅም።

የምሽቶቹ አካሄድ እንዲህ ይሆናል። ውይይቱ በአማርኛ ነው፤ ከውጭ የሚመጣ እንግዳ ሲኖር አስተርጓሚ እናዘጋጃለን። ለእንግዶቻችን አስቀድመን የምንልከው ጥያቄ አለ፤ ገቢያችሁ ከየት ከየት ነው፣ የትኛው ምንጭ ቢቋረጥ በስንት ወር ትዘጋላችሁ፣ ገንዘብ የሰጣችሁ ሰው በምን ጉዳይ ላይ እንቢ የማለት መብት አለው፣ ለመሸጥ የተስማማችሁበት ቀን አለ ወይ የሚል። ባለሀብቱንም ገንዘቡን መቼና በምን መንገድ መልሶ እንደሚያገኝ እንጠይቀዋለን። ቁጥሩን በትክክል መናገር የማይፈልግ አይገደድም፤ ምንጩን ግን መናገር ይኖርበታል። ይህን ያልተቀበለ እንግዳ፣ ስሙ የገነነ ቢሆንም፣ መድረኩ ላይ አይወጣም። ከሰዓቱ ግማሹ የታዳሚው ነው። የዘጉ ሰዎችንም እንጋብዛለን፤ ጋዜጣውን፣ ድረ ገጹን ወይም ስቱዲዮውን ቁልፉን ቆልፎ የወጣ ሰው የሚያውቀውን ተሳክቶለት ያለ ሰው አያውቀውም፤ እስከዛሬም ወንበር ሰጥቶ የሰማው የለም።

የአዳራሹን ኪራይና የቡናውን ወጪ ማን እንደሸፈነ በየምሽቱ መጀመሪያ እንናገራለን። የመጀመሪያዎቹን ምሽቶች የምንሸፍነው ከአዘጋጆቹ ኪስ ነው። ስፖንሰር ስናገኝ ስሙን፣ መጠኑንና የጠየቀውን ነገር እናሳውቅዎታለን። እኛን ራሳችንን ከመጠየቅ እንዳይቆጠቡ አደራ እላለሁ።

እስከዚያው አንድ ሥራ ልስጥዎት። በዚህ ሳምንት ብዙ ጊዜ የሚያነቡትን ወይም የሚያዩትን አንድ የአማርኛ ሚዲያ ይምረጡ። ባለቤቱ ማን እንደሆነ፣ ገቢው ከምን እንደሆነ ገጹ ላይ ተጽፎ እንደሆነ ይፈልጉ። ካላገኙ ጽፈው ይጠይቋቸው፤ በትሕትና፣ ስምዎን ጠቅሰው። መልስ ከሰጡዎት መልሱን፣ ዝም ካሉዎትም ዝምታቸውን ይዘው ይምጡ። የመጀመሪያውን ምሽት የምንከፍተው እናንተ ይዛችሁ የመጣችሁትን በማንበብ ነው፤ እንግዶቹ ንግግራቸውን የሚጀምሩት ከዚያ በኋላ ይሆናል።

ከአክብሮት ጋር፣
የመድረኩን አዘጋጆች በመወከል